ማን ይወስናል? መካነ ኢየሱስ፣ የጋብቻ ክርክርና የ2013 መለያየት

ከዋሽንግተን መሀል ተነሥቶ በ16ኛው ጎዳና ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው ኮሎምቢያ ሃይትስ ሲደርስ ከግራም ከቀኝም አብያተ ክርስቲያናት ይቀበሉታል። ከእነዚህ አንዱ በኒውተን ጎዳና ጥግ የቆመው፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የሚጠራው የኤጲስቆጶሳውያን ደብር ነው። ኖቬምበር 10 ቀን 1974 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሊሰን ቺክ የተባለች ሴት በዚህ ደብር መንበር ፊት ቆማ ቅዱስ ቁርባን ባረከች። ከጥቂት ወራት በፊት በፊላደልፊያ ከዐሥር ሴቶች ጋር ቅስና የተቀበለችው ቤተ ክርስቲያኒቱ ሳትፈቅድ ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ ዊልያም ዌንት በ1975 በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ተባለ። የተከሰሰው ግን ሴት ቄስ መሆን ትችላለች ብሎ በማመኑ አልነበረም፤ የጳጳሱን ትእዛዝ በመተላለፉ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ የሴቶችን ቅስና ፈቀደ።

የዚያ ችሎት ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። ስለ ቅስናና ስለ ጋብቻ የሚነሣ የነገረ መለኮት ክርክር ሁለት ጥያቄዎችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው «እውነቱ ምንድን ነው?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «የሚወስነው ማን ነው?» የሚለው። የመጀመሪያው ጎልቶ ይሰማል፤ የክርክሩን መልክና ፍጻሜ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን በራሳቸው ታሪክ ያዩት በ2013 መግቢያ ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ቀን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግን ጨምሮ፣ ሕጋዊ ሆነ። ጃንዋሪ 9 የዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል እንዲህ ያለውን ጋብቻ በመንበሩ ፊት እንደሚፈጽም አስታወቀ። በዚያው ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር ያለውን ግንኙነት ለማቋረጥ የተላለፈውን ውሳኔ አጸደቀ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ስለ ፆታ የተካሄደ ጠብ ተደርጎ ተነገረ። ነገሩ እርሱም ነበር። ሥሩ ግን ከ2009 ወይም ከ2013 እጅግ ይርቃል፤ በወንጌልና በገንዘብ መካከል ያለው ሥልጣን የማን ነው ከሚለው የቆየ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ሚሲዮን፣ መጽሐፍና ባለቤትነት

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች ምጽዋ የገቡት በ1866 ነው። ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር፤ መንገዱ ግን ለብዙ ዓመታት አልተከፈተላቸውም። ሥራውን ወደ ወለጋ ያደረሱት የአገሬው ሰዎች ናቸው። በሕፃንነቱ ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ አጋዥነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። ስለዚህ ይህች ቤተ ክርስቲያን ከጅምሯ መጽሐፍ ቅዱስን የተቀበለችው የውጭ ሰው በሚሰጠው ትርጓሜ ብቻ አልነበረም፤ በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ ልጆች እጅ ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ይኸው ባሕርይ ጎልቶ ወጣ። በምዕራብ ወለጋ ዓይነ ሥውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለንና መሰሎቻቸው ምእመናኑን ያለ ፈረንጅ ረዳት መሩ። ሚሲዮናውያኑ ተመልሰው ሲመጡ ያገኙት ሞግዚት የሚሻ ሕፃን ሳይሆን በእግሩ የቆመ ማኅበረሰብ ነበር። መካነ ኢየሱስ በ1959 ራሷን ችላ ስትቋቋም ሃያ ሺሕ ያህል ምእመናን ነበሯት። በ1963 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ፕሬዝዳንትነቱን የያዙት ዲፕሎማቱና ሚኒስትሩ አቶ አማኑኤል አብርሃም እስከ 1985 መሯት።

የ2013ን ውሳኔ ለመረዳት ቁልፉ ሰነድ ግን የ1972ቱ ደብዳቤ ነው። ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ መካነ ኢየሱስ ወንጌልን በመስበክና ሰውን በማልማት መካከል ስላለው ግንኙነት ለፌዴሬሽኑ ጻፈች። የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራና ለአጥቢያ መሪዎች ሥልጠና ሲጠየቁ ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ። ደብዳቤው ይህን አካሄድ ተቸ። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም፤ ስለዚህ ልማቱም ሙሉውን ሰው የሚመለከት መሆን አለበት ሲል ተከራከረ። በኢኮኖሚክስ ዓይን ሲታይ ደብዳቤው ቅድመ ሁኔታ ስለተጣለበት ርዳታ የቀረበ ሙግት ነው፤ ገንዘቡን የሚሰጥ ወገን የተቀባዩን ቅደም ተከተል የመወሰን መብት አለውን? ጉዳዩ ፌዴሬሽኑን ናይሮቢ ላይ በ1974 እስከ መምከር አደረሰው። ጉዲና በ1979 በደርግ ሰዎች ተወስደው ተገደሉ፤ ሙግታቸው ግን በቤተ ክርስቲያኒቱ አስተሳሰብ ውስጥ ቀረ።

የ2009 ድምፆች

በ2009 ሁለት ጉባኤዎች ድምፅ ሰጡ። በኦገስት ሚኒያፖሊስ ላይ የተሰበሰበው የአሜሪካ ሉተራኖች ጉባኤ ስለ ሰው ልጅ ፆታዊ ሕይወት የቀረበውን መግለጫ በ676 ለ338 ድምፅ አጸደቀ፤ ይህ በትክክል የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በ559 ለ451 ድምፅ፣ በዘላቂና በታመነ የተመሳሳይ ፆታ ትዳር የሚኖሩ ሰዎች በቅስና እንዲያገለግሉ መንገድ ከፈተ። በኦክቶበር የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ፣ የአገሪቱን አዲስ የጋብቻ ሕግ ተከትሎ፣ ከ249 አባላቱ በ176ቱ ድጋፍ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ለማጋባት ወሰነ።

ሁለቱም ወገኖች ክርክራቸውን ያቀረቡት በሉተር ቋንቋ ነበር። ለውጡን የደገፉት ጋብቻ እንደ ሉተር አባባል ምድራዊ ሥርዓት እንጂ ምሥጢር አይደለም አሉ፤ ምድራዊ ሥርዓት ደግሞ ለባልንጀራ ጥቅም ሲባል ሊሻሻል ይችላል። በ1530 የቀረበው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ለቤተ ክርስቲያን አንድነት በወንጌል ትምህርትና በምሥጢራት አፈጻጸም መስማማት ይበቃል ማለቱንም ጠቀሱ። ስለ ጋብቻ መለያየት ታዲያ ኅብረትን ለምን ያፈርሳል? የአሜሪካው መግለጫ ከዚህ አልፎ የእያንዳንዱ ክርስቲያን ሕሊና በቃለ እግዚአብሔር የታሰረ መሆኑን በማንሣት በአንድ ቤት ውስጥ የተለያዩ አቋሞች አብረው እንዲኖሩ ፈቀደ።

የመካነ ኢየሱስ መልስም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ብቻውን ዳኛ ከሆነ በዘፍጥረት የተጻፈው የወንድና የሴት ጥምረት፣ ክርስቶስም በማቴዎስ 19 ያጸናው፣ በድምፅ ብልጫ የሚሻር አይደለም። ጳውሎስ በሮሜ 1 የጻፈው የአንድ ዘመን ባህል ነው የሚለውን ትርጓሜም አልተቀበለችም። ሕሊና በቃሉ የታሰረ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያዊው ሕሊና ከሌላው ያነሰ አይታሰርም። ሥነ ምግባር ኅብረትን አያፈርስም የሚለውን ሙግት የፌዴሬሽኑ የራሱ ታሪክ ያዳክመዋል። በ1977 ዳሬሰላም ላይ ፌዴሬሽኑ አፓርታይድን መቃወም የእምነት ምስክርነት ጉዳይ ነው ብሎ ነበር። በ1984 ቡዳፔስት ላይ መለያየትን ያልተዉ ሁለት የደቡባዊ አፍሪካ የነጮች አብያተ ክርስቲያናትን አገደ። እርግጥ የሚመሳሰለው የሙግቱ ቅርጽ እንጂ ይዘቱ አይደለም፤ አፓርታይድ ሰዎችን ከማዕድ ያገለለ ሥርዓት ስለ ነበር የለውጡ ደጋፊዎች ያንኑ ታሪክ ለራሳቸው ምስክር አድርገው ሊጠሩት ይችላሉ።

መካነ ኢየሱስን «ወግ አጥባቂ» ብሎ በአንድ ቃል ማለፍም አያስኬድም። በ1997 የሴቶችን ቅስና የተቀበለች፣ በ2000 የመጀመሪያዎቹን የሾመች ቤተ ክርስቲያን ናት። ከመለያየቱ በኋላ በጋብቻ ጉዳይ ከሚስማሟት የአሜሪካ ሉተራኖች መካከል የሚዙሪ ሲኖድ ሴት ቄስ አይሾምም፤ በ2010 የተመሠረተችው የሰሜን አሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ግን ትሾማለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተሳለው መስመር ከአሜሪካ የፖለቲካ ካርታ ጋር አይገጥምም። የሴቶችን ቅስና የፈቀደችውም የተመሳሳይ ፆታን ጋብቻ የከለከለችውም ያንኑ መጽሐፍ ራሷ አንብባ ነው።

ድምፅና መውጫ

ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አባላት ድርጅታቸው ሲበላሽ ሁለት መንገድ አላቸው ብሎ ነበር፤ ድምፅ ማሰማት ወይም መውጣት። የትኛውን እንደሚመርጡ የሚወስነው የእያንዳንዱ ዋጋ ነው። ታማኝነት ደግሞ መውጣትን ያዘገያል።

ይህ መነጽር ሦስት የፕሮቴስታንት ቤተሰቦች በአንድ ጥያቄ ላይ ለምን በተለያየ መንገድ እንደተጣሉ ያሳያል። በአንግሊካን ኅብረት በ1998 የላምቤዝ ጉባኤ ላይ የአፍሪካ ጳጳሳት ተቀምጠው ድምፅ ሰጡ፤ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው የሚለው ውሳኔ በ526 ለ70 አለፈ። ውሳኔው ግን የማስገደድ ኃይል ስላልነበረው የአሜሪካዋ ቤተ ክርስቲያን በ2003 ጂን ሮቢንሰንን ጳጳስ አድርጋ ከመሾም አላገዳትም። በዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አፍሪካውያን የሙሉ ሕግ አውጪው አካል አባላት ነበሩ። በ2019 ሴንት ልዊስ ላይ ክልከላው በ438 ለ384 እንዲጸና ድምፃቸው ወሳኝ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በሺሕ የሚቆጠሩ የአሜሪካ አጥቢያዎች ከወጡ በኋላ በ2024 ነው።

ሉተራኖች ዘንድ ሁኔታው ከሁለቱም ይለያል። ፌዴሬሽኑ የእያንዳንዳቸው ሥልጣን የተጠበቀ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ነው። የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ቍጥር በ2012 ገደማ ስድስት ሚሊዮን ደርሶ ከአሜሪካዋ ቤተ ክርስቲያን አራት ሚሊዮን ገደማ ይበልጥ ነበር፤ የስዊድንንም ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሆኖም ሚኒያፖሊስ ላይም ሆነ በስዊድን ሲኖዶስ አንዲት ድምፅ አልነበራትም። የሌላው ውሳኔ ግን በቁርባን ኅብረት በኩል እርሷንም ይነካታል። ድምፅ የሌለው አባል የሚቀረው መውጫው ነው።

የተመረጠው መውጫ ከፌዴሬሽኑ መልቀቅ አልነበረም። በፕሬዝዳንቱ በቄስ ዶክተር ዋቅስዩም ኢዶሳ ዘመን የተላለፈው ውሳኔ የመካነ ኢየሱስ መሪዎችና ምእመናን ከተጠቀሱት አብያተ ክርስቲያናት ቅዱስ ቁርባን እንዳይቀበሉ፣ ለእነርሱም እንዳይሰጡ፣ ተወካዮቻቸውም በጉባኤዎቿ እንዳይሰብኩ የሚከለክል ነበር። ፌዴሬሽኑ በ1984 አባላቱ የመድረክና የቁርባን ኅብረት አላቸው ብሎ ስለ ደነገገ ይህ የኅብረቱን ልብ የሚነካ ነበር። ያም ሆኖ በአንድ ጣሪያ ሥር መቆየትን መርጣለች፤ ማዕዱን ለየች እንጂ ቤቱን አልለቀቀችም። በኋላ ዓመታት ከአሜሪካዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር የመቀራረብ ንግግር ሊከፈት የቻለውም ይህ በር ባለመዘጋቱ ነው።

የዚህ ውሳኔ ዋጋ ግልጽ ነበር። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ለልማት፣ ለነገረ መለኮት ትምህርትና ለነጻ የትምህርት ዕድል ለአሥርት ዓመታት የደገፉ አጋሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ዝም ማለትም ዋጋ ነበረው። በኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራ የፕሮቴስታንቶች ድርሻ በ1994 ከነበረበት 10.2 በመቶ በ2007 ወደ 18.6 በመቶ አድጓል። ይህ ዕድገት ብዙ ቤተ እምነቶች የሚወዳደሩበት ነው፤ ወንጌላውያን ደግሞ ለረጅም ዘመን «የመጤ ሃይማኖት ተከታዮች» ሲባሉ ኖረዋል። በዲሴምበር 2008 የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በሕገ መንግሥት ጭምር እንዲከለከል ጠይቀው ነበር። በዚህ ድባብ ውስጥ የስቶክሆልም አጋር መባል ለአጥቢያ ሰባኪ ከባድ ሸክም ነው። ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ፈተና አልመጣባትም። በ1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ መሥራች አባል ብትሆንም ከፕሮቴስታንቶቹ ጋር የቁርባን ኅብረት የላትም፤ ጋብቻም በእርሷ ዘንድ ምሥጢር ነው። አቋሟን ለመግለጽ የምታቋርጠው ገመድ አልነበራትም።

እንግዲህ ውሳኔው እምነት ነበር ወይስ ስሌት? ጥያቄው ራሱ ሁለቱን ያለ አግባብ ያለያያል። ዋጋ የማይከፈልበት አቋም መታመኑን ለማሳየት ይቸገራል። መካነ ኢየሱስ የገንዘብ ዋጋ ከፍላ በ1972 በቃል ያለችውን በ2013 በተግባር አሳየች፤ ርዳታ የተቀበለ ወገን ነገረ መለኮቱን አብሮ አልሸጠም።

ጉዳዩ ዋሽንግተን ሲደርስ

አዲስ አበባ ላይ የተቋረጠ ኅብረት በዋሽንግተን አካባቢ የኪራይ ውል ሆኖ ይመጣል። ኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን በዚህ አካባቢ አጥቢያ ሲመሠርቱ የተለመደው መንገድ የአንዲት አሜሪካዊት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይቶ እሑድ ከሰዓት በኋላ መሰብሰብ ነበር። ኮሎምቢያ ሃይትስ በ1999 የሜትሮ ጣቢያ ከተከፈተላት በኋላ የቤት ዋጋ እየናረ ሄደ፤ በከተማይቱ ውስጥ የነበረው ማኅበረሰብ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሲሰፋ አጥቢያዎቹም ተከተሉት። በእነዚያው ዓመታት ሕጉ በሦስቱ ግዛቶች ተለወጠ፤ በዋሽንግተን በማርች 2010፣ በሜሪላንድ በጃንዋሪ 2013፣ በቨርጂኒያ በኦክቶበር 2014። ሕጉ ማንንም ቄስ ያለ እምነቱ አጋባ ብሎ አያስገድድም። ተከራይ አጥቢያ ግን አከራዩ በጠዋቱ መርሐ ግብር የሚያደርገውን የመወሰን ድምፅ የለውም፤ ያለው መውጫ ነው፤ የመውጫው ዋጋም የሕንፃ መግዣ ብድር ነው።

ሕንፃ መግዛትም ጥያቄውን አይዘጋውም። በሰሜን ቨርጂኒያ በ2006 መጨረሻ ፎልስ ቸርችንና ትሩሮን የመሰሉ ታላላቅ አጥቢያዎች ከኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ለመውጣት ድምፅ ሰጥተው ከናይጄሪያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቀሉ። በ1867 የወጣ የክፍፍል ዘመን ሕግ ንብረቱን እንደሚያተርፍላቸው አምነው ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በ2012 የፌርፋክስ ፍርድ ቤት ንብረቱን ለሀገረ ስብከቱ ሲፈርድ በ2013 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፎልስ ቸርችን ይግባኝ ሳይቀበል ቀረ። ምእመናኑ አቋማቸውን ይዘው ወጡ፤ ሕንፃውን ትተው። መተዳደሪያ ደንብ ለሚያረቅቅ የኢትዮጵያውያን አጥቢያ ቦርድ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም፤ ንብረቱ በማን ስም ነው፣ መለያየት ቢመጣ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ጠቡ ሳይመጣ መመለስ አለበት።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ተቋማት ነው። ክርክሩ የሚካሄድባቸው ሰዎች በጉባኤዎቹ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ብዙም አይታዩም። በአማርኛ የተለመደው ቃል «ግብረ ሰዶም» ከዘፍጥረት 19 የተወሰደ ስለሆነ ፍርዱ ክርክሩ ሳይጀመር በቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። በኢትዮጵያ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ይቀጣል። በዋሽንግተን ያው ሰው በሕግ የተጠበቀ ዜጋ ነው። በኢትዮጵያውያን አጥቢያ ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ አልያም ሳይሰናበት የሚቀር የመዘምራን አባል ሊሆን ይችላል። ልጁን ላለማጣት የሚጨነቅ አባት፣ ከእምነቷ ላለመራቅ የምትጨነቅ እናት ለመጋቢያቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ የሚኒያፖሊስም የአዲስ አበባም የድምፅ ቆጠራ የሚመልሰው አይደለም። ጋብቻ ምን እንደሆነ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ በደጅ የቆመውን ሰው እንዴት እንደሚቀበሉት ማወቅ ሌላ ነው። በባህላዊው አቋም የጸና መጋቢም ቢሆን ለሁለተኛው መልስ ያስፈልገዋል።

የ2013 ውሳኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ በማያሻማ ቋንቋ መለሰ፤ ለኢትዮጵያዊት ቤተ ክርስቲያን የሚወስነው ራሷ ናት። ይህ ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የተገነባ ነጻነት ነውና ቀላል ነገር አይደለም። ነጻነት ያገኘ ግን የውሳኔውን ኃላፊነት በሌላ ማላከክ አይችልም። በ1972 ጉዲና ቱምሳና ባልደረቦቻቸው ለጋሾችን የጠየቁት ሰውን ሳይከፍሉ፣ ሙሉውን ሰው እንዲያዩ ነበር። ያ ጥያቄ የተጻፈው ወደ ምዕራብ ነው። ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሚሰበሰቡ አጥቢያዎች ያው ጥያቄ ወደ ጠያቂዎቹ ልጆች ተመልሷል፤ መልሱንም ከዚህ በኋላ ከስዊድን ወይም ከሚኒያፖሊስ የሚጠብቅ የለም።